«አይቻልም» ያለችው ማርቴዝ

ማርቴዝ ቤዚናን መጀመሪያ ያወቅኋት በድምጿ ነው። ማልታ ላይ፣ ግዚራ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት ከሚያየው ሕንፃ በተቀጠርኩ ዕለት ከእሷ ጀርባ አስቀመጡኝ፤ ፊቷን በወጉ ሳላይ ጠዋቱን ሙሉ ስልክ ስታናግር ሰማኋት። አንዱ ከሩቅ አገር ደውሎ ይሰድባታል፣ አንዱ ያለቅስባታል፣ አንዱ በጠዋቱ ጠጥቶ ይዘፍንላታል። እሷ ለሁሉም ያው ናት። «ገባኝ ጌታዬ፤ አይቼ እደውልልዎታለሁ» ትላለች። የሚገርመው እውነትም አይታ ትደውላለች። እኛ መሥሪያ ቤት ይህ ብርቅ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ያጫውታል። ሰው ከየቤቱና ከየአገሩ በኮምፒውተር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ካርታውን ማሽኑ ያድላል፤ ድርጅቱ ከየጨዋታው ትንሽ ትንሽ ይቆርጣል። ፈቃድ ያለው ቤት ነው። ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ ተቆጣጣሪዎች በየጊዜው መጥተው ማሽኑን ይፈትሻሉ፣ የተጫዋቹ ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ መቀመጡን ያያሉ። ድሮ ደሴታችን ላይ ከየቤቱ አንድ ሰው መርከብ ጥገናው ውስጥ አይጠፋም ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ አይጠፋም።

ማርቴዝ የተጫዋቾች ደኅንነት ክፍል ናት። ሁለት ሰው ተመሳጥሮ ሦስተኛውን ሲበላ፣ ሰው መስሎ የሚጫወት ፕሮግራም ሲገባ፣ በሌላ ሰው ስም የሚቀመጥ ሲኖር የምትይዘው እሷ ናት። ሥራዋን ትወደው ነበር። «ሰውዬው እኮ አያየንም ሚሬል» ትለኝ ነበር። «ካርታውን ማን እንደበወዘ አያውቅም። ያለው እኛን ማመን ብቻ ነው። አደራ ማለት ይኼ ነው።» እኔ እስቅባት ነበር፤ ለእኔ ደመወዝ ነበር።

አደራ የምትለው ቃል ከቤቷ የመጣች ናት። ማርቴዝ የዛባር ልጅ ናት፤ ሰፈሩ ቤተሰቡን «የባሩዶቹ» ብሎ ነው የሚጠራው። አባቷ ለቅዱሳን በዓል ርችት ይሠራ ነበር፤ አንድ ሐምሌ ባሩዱ ፈንድቶ ከመሥሪያ ጎጆው ጋር ሄደ። እናቷ ጁዛ ትንሹን ዶርያንን ማርቴዝ ጭን ላይ አስቀምጣ «ወንድምሽን አደራ» አለቻት፤ ራሷ የሰው ቤት ማጽዳት ጀመረች። ማርቴዝ አሳደገችው። ሲታመም አብራው ነቃች፣ ሲፈተን አብራው አጠናች፤ ትዳር የጠየቃትን ጥሩ ሰው ሳይቀር «ዶርያን ይመረቅና» እያለች አሰለቸችው፤ ሰውየው ሌላ አገባ። ዶርያን በኮምፒውተር ተመረቀ። ጨዋታ አዋቂ፣ መልከ መልካም፣ ሲስቅ አብረኸው የምትስቅለት ዓይነት ልጅ ነበር። ማርቴዝ ራሷ ዋስ ሆና እኛ ዘንድ አስቀጠረችው፤ ማሽኖቹ ክፍል ገባ።

ዊስቲን ራፓ የሚባሉ ሽማግሌ የደወሉት በዚያን ሰሞን ነው። ከጎረቤቷ ደሴት ከጎዞ፣ ናዱር ከምትባል መንደር ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከጎዞ ማልታ የሚመላለሰው መርከብ ላይ ገመድ ሲስቡ ኖረው፣ ሪህ ጣቶቻቸውን እንደ ወይን ሐረግ ቢቆለምማቸው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ሞተዋል። ከሰዓት በኋላ ላይ በሳንቲም የሚጫወቱ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቢበሉም ቢበሉባቸውም ከአንድ ፓስቲዚ፣ ከአንዲት የአይብ ሳምቡሳ፣ ዋጋ አይበልጥም። መጻፍ ስለማይችሉ ይደውላሉ።

«አንቺ የባሩዶቹ ልጅ ነሽ?» አሉ በመጀመሪያው ቀን።

«እንዴት አወቁኝ?»

«ስምሽን ነገሩኝ፤ በድምፅሽ ደግሞ የዛባር ነሽ። አባትሽን ርችቱን ጭኖ ስናሻግረው አውቀዋለሁ። እሱ የተሳፈረ ቀን ካፒቴኑ ሲጋራ እንኳ ያስጥለን ነበር!»

ማርቴዝ ሳቀች። ሽማግሌውም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ካርታዬን የሚያይ ሰው አለ» አሉ።

«እንዴት አጎቴ?»

«ነጭ ሸራ የሚል ስም ያለው ነው። ጥሩ ካርታ ሲደርሰኝ ይሸሻል። ባዶዬን ስፎክር ይመጣብኛል። አንድ ቀን ቢሆን ዕድል ነው እላለሁ። ሁልጊዜ ነው። እኔ መርከብ ላይ ከሌቦች ጋር ካርታ ተጫውቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ፊቴን የሚያነብ ሰው ሲገጥመኝ ይገባኛል። እዚህ ግን ፊት የለኝም እኮ! ምኔን ነው የሚያነበው?»

ማርቴዝ አየች። እንደ ልማዷ፣ ሥራዬ ብላ አየች። ነጭ ሸራ ከሌላ ተጫዋች ጋር አልተመሳጠረም። ፕሮግራም አይደለም፤ ሰው ነው። ካርታውን የሚበውዘው ክፍል ተፈትሾ ማኅተም ያለበት ነው። ሰውየው ያሸንፋል፤ ማሸነፍ ደግሞ ወንጀል አይደለም። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበርና ወደ ማሽኖቹ ክፍል ወጥታ ወንድሟን ጠየቀችው።

«ዶርያን፣ ጨዋታው ሳያልቅ የሰው ካርታ ማየት የሚችል ሰው አለ?»

«አይቻልም» አላት።

«በምንም መንገድ?»

«አንቺ ደግሞ! የትኛው ሽማግሌ ነው ያስፈራራሽ? አይቻልም አልኩሽ እኮ፤ እግዜር ራሱ ቢፈልግ ፈቃድ ማውጣት አለበት።»

ወርዳ ደወለችላቸው። «አጎቴ ዊስቲን፣ አጣርቻለሁ። አይቻልም» አለች። ሽማግሌው «እሺ ልጄ። አንቺ ካልሽ» አሉ።

ግን አላረፉም። በሳምንቱ ደወሉ፤ ከዚያም በየሁለት ቀኑ። ድምፃቸው እየተለወጠ ሄደ። ቀልዱ ጠፋ። ክፍላችን ውስጥ አንዳንዱ ቁጥራቸውን ሲያይ «ማርቴዝ፣ ነቢዩ መጡልሽ» እያለ ያሾፍ ጀመር። እሷ አትስቅም፤ ግን መልሷ ያው ነው። ሌላ ጠረጴዛ ቢቀይሩ ይሻላል ብላ መከረቻቸው። «ቀየርኩ፤ ተከተለኝ» አሉ።

አንድ ከሰዓት ልጃቸው ጆሴት ደወለች። መምህርት ናት፤ ስትናገር ቃል ትመርጣለች።

«የዊስቲን ራፓ ልጅ ነኝ። አባቴ ካርታዬን ያዩብኛል ይላል። በመጀመሪያ ዝም አልነው። አሁን መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኗል። ጎረቤታችንን፣ አብራው ያደገችውን ሴትዮ፣ ለእነሱ ትሰልላለሽ ብሎ በር ዘጋባት። ምግብ እየተወ ነው። ሐኪሙ ይህን ነገር ከራሱ ፈጥሮት ከሆነ ሕመሙ ጀምሯል ማለት ነው አለኝ። ስለዚህ በደንብ አስቢና ንገሪኝ። አባቴ የሚለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል?»

ማርቴዝ ዓይኗን ጨፈነች፤ ይህን አይቻለሁ። የተፈተሸውን ሁሉ በልቧ እንደገና የቆጠረችው ይመስለኛል።

«አይቻልም እመቤቴ።»

«ጥቂት እንኳ?»

«ፈቃድ ያለን ቤት ነን። አይቻልም።»

«በቃ፤ ማወቅ የፈለግሁት ይህን ነው። አመሰግናለሁ» አለች ጆሴት። ከዚያ በኋላ ከናዱር ስልክ አልተደወለም።

ወራት አለፉ። በአንዱ እሑድ ጁዛ ቤት ጥንቸል ወጥ ተሠርቶ ማርቴዝ እኔንም ጠራችኝ። ጁዛ ዶርያንን «ብላ ልቤ፣ ከስተሃል» እያለች ትልቁን ብልት ታወጣለታለች። ዶርያን ወይኑን ቀድቶ የሥራ ወሬ ያወራል፤ እኛ እንስቃለን።

«ያ የጎዞው ሽማግሌሽስ ጠፋ አይደል?» አላት ማርቴዝን። «እኔ እኮ እወደው ነበር። አንዴ ምንም ሳይኖረው፣ ሁለት ተራ ካርታ ይዞ፣ ያለውን ሁሉ አስያዘ። ጠረጴዛው ሙሉ ፈርቶ ካርታውን ጣለ! ሁለት ቁራጭ ካርታ! የመርከብ ሌባ!»

ጁዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማርቴዝ ግን ሹካዋን አስቀመጠች።

ወዲያው አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ነው ያስረዳችኝ። በፖከር ሌሎቹ ሁሉ ካርታቸውን ከጣሉ፣ የቀረው ሰው የተያዘውን ይወስዳል እንጂ ካርታውን ለማንም አያሳይም። ምን ይዞ እንደነበር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ያለቀ ጨዋታ ተከፍቶ የሚታየው ደግሞ በማርቴዝ ክፍል ብቻ ነው፤ የከፈተው ሰው ስምም ይቀራል። የሽማግሌውን ጨዋታ ከእሷ በቀር የከፈተ አልነበረም።

«ዶርያን፣ ልብስ አስጥቼ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ አግዘኝ» አለችው። ዝናብ ሊመጣ ነበርና ልብሱን ላግዛቸው ብዬ እኔም ተከተልኳቸው። ደረጃው አናት ላይ ስደርስ ድምፃቸውን ሰምቼ ቆምኩ።

«ሁለቱን ተራ ካርታ የት አየሃቸው?»

«የቱን?»

«የአጎቴ ዊስቲንን።»

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

«እኔ አልነገርኩህም። ዶርያን፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

ከዚያ ተናገረ። ማሽኑ ገና ሲገነባ ባለሙያዎቹ ስሕተት እንዳለ የሚያዩበት፣ የሁሉንም ሰው ካርታ አንድ ላይ የሚያሳይ የመሞከሪያ መስኮት ነበረው። ጨዋታው ለሕዝብ ሲከፈት መዘጋት ነበረበት። ለጥገና ይመቻል ተብሎ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይዘጋል፣ ሲሄድ ይከፈታል። «እኔ አይደለሁም የከፈትኩት፤ ክፍት ሆኖ ነው ያገኘሁት» አላት። መጀመሪያ ለማየት ያህል አየ። ቀጥሎ በሌላ ሰው ስም ራሱ ተቀመጠ። ነጭ ሸራ እሱ ነው።

«ትልልቆቹ ጠረጴዛዎች ላይ ነው ጥቅሙ» አላት። «የሽማግሌው ለጨዋታ ያህል ነበር። ስትነግሪኝ ደግሞ አሳቀኝና ጠረጴዛ ሲቀይር ተከተልኩት።»

«እኔ ከነገርኩህ በኋላም?»

«ማርቴዝ፣ ቁማርተኞች እኮ ናቸው! ሊበሉ ነው የመጡት። እኔ ባልበላቸው ሌላው ይበላቸዋል።»

«እኔ አይቻልም አልኳቸው። በአንተ አፍ።»

«እንግዲያስ አሁንም በዚያው ጽኚ» አላት። ስትወርድ ፊቷ የልብስ ሳሙና መስሎ ነጥቷል። ልብሱን የሰበሰበ የለም፤ ዝናቡ መታው።

በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ሄንሪክ ይባላል፣ ስዊድናዊ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በሩን ዘግቶ ሁሉንም ሰማትና ግንባሩን ያዘ።

«መስኮቱን ዛሬ አስዘጋዋለሁ» አለ። «ወንድምሽ በራሱ ፈቃድ ይለቃል። የተበሉትን ቀስ ብለን፣ በስጦታ መልክ እንክሳቸዋለን። ግን ይህ ከዚህ ክፍል አይውጣ። ፈቃዳችን ሊታደስ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አስቢ፤ ልጅ ያለው አለ፣ የቤት ብድር ያለበት አለ።»

«ሕጉ እንድናሳውቅ ያዘናል።»

«ሕጉ ወንድም የለውም ማርቴዝ። አንቺ ወንድም አለሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንደ በሽተኛ ከረመች። ስልክ ታነሳለች፣ ድምጿ ያው ነው፣ ምሳዋን ግን አትነካም። አንድ ቀን ቁም ሳጥን የሚያህለው ሻይ ማፍያ ክፍላችን ውስጥ «ብናገር ወንድሜን እበላለሁ፤ ዝም ብል ያመኑኝን እበላለሁ» አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? «ሆድ ይፍጀው» አልኳት። አልፈጀውም። ዓርብ ጠዋት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገባች። የተቀበለቻት ሴት የተጠርጣሪውን ስም ስትጠይቃት «ዶርያን ቤዚና» አለች። «ዘመድሽ ነው?» ብትላት «ያሳደግኩት ነው» አለቻት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎች መጡ፤ ማሽኖቹን አሸጉ። ፈቃዱ ታገደ። ዶርያንን ፖሊስ ከእናቱ ቤት፣ ቁርሱን እየበላ ሳለ ወሰደው። እኛ ዕቃችንን በካርቶን ሰብስበን ወጣን። ማርቴዝ በመካከላችን ስታልፍ ሂሳብ ክፍል ይሠራ የነበረው ሪኖ የሚባል ሰው ወንበር ላይ ቆመ።

«መንገድ ልቀቁ! ቅድስት ማርቴዝ እያለፈች ነው! ሻማ የያዘ የለም?»

የሳቁ ነበሩ። አንዲት እርጉዝ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ማርቴዝን ትክ ብላ አይታ «አሁን ማን ይቀጥረኛል?» አለቻት። ከሪኖ ስድብ ይልቅ ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ታቃጥላታለች።

ሕጉ በበኩሉ ሥራውን ሠራ፤ ይህን መካድ አልችልም። የተጫዋቾቹ ገንዘብ ተለይቶ ተቀምጦ ስለነበር እያንዳንዱ ያለውን አገኘ። ነጭ ሸራ የበላው ሁሉ ተጣርቶ ለየባለቤቱ ተመለሰ። ሄንሪክ ተቀጣና ወደ አገሩ ሄደ። ዶርያን አመነ፤ ወጣት ነው ተብሎ ፍርዱ ቀለለለት፣ ጥቂት ታስሮ ወጣና እንግሊዝ አገር ገባ፤ ለእህቱ አልደወለም። ጋዜጣው «የሥርዓቱ ድል» ብሎ ጻፈ። በጽሑፉ ውስጥ የማርቴዝ ስም አልነበረም፤ እሷም አልፈለገችውም።

ቤት ውስጥ ግን ድል አልነበረም። ጁዛ ልጇን አላባረረቻትም፤ ከዚያ የከፋ ነው ያደረገችው። አታናግራትም። ወጥ ቤቱ ውስጥ በጎጆዋ የተሰቀለች ቢጫ ወፍ አለች፤ ጁዛ የምትናገረው ለወፏ ነው። ማርቴዝ ቆማ እየሰማች «ሾርባው ደርሷል በያት» ትላለች። «ጋዝ አልቋል በያት። ሁለት ወልጄ አንዷ ሌላውን በላችብኝ በያት።» ማርቴዝም «እሺ እማ» ትላለች። እናቷ ዘወር አትልም። ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት መብላት አልሆነልኝም።

ያን ሁሉ ስትሸከም ማርቴዝ በልቧ የያዘችው አንድ ተስፋ ነበር። «አጎቴ ዊስቲን ቢያንስ ያውቁ» አለችኝ። «ልክ ነበሩ ብዬ በአፌ ልንገራቸው። አንድ ሰው ደስ ይበለው።» ብቻዋን መሄድ ፈርታለችና አብሬያት ሄድኩ።

ስንሻገር ባሕሩ ይናወጥ ነበር። ናዱር ደርሰን ቤታቸውን ብንጠይቅ አረንጓዴ በር አሳዩን፤ የከፈቱልን የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ቤቱን ገዝተውት ነው። ሽማግሌው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው ተባልን።

ጆሴት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችን። ጋዜጣውን አንብባለች። ማርቴዝ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጆሴት እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

«እኔ ጠይቄሽ ነበር» አለች። «በደንብ አስቢ ብዬ፣ ለምኜ ጠይቄሽ ነበር። አንቺ አይቻልም ባልሽ ማግስት ነው ለሐኪሙ የፈረምኩት። እየጮኸ ነው ከቤቱ ያወጣነው። "የስልኳ ልጅ ትመስክርልኝ፣ የባሩዶቹን ልጅ ጠይቋት" ይል ነበር። ጠይቀናታል አባባ፣ አይቻልም ብላለች፣ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ማርቴዝ «ይቅር በዪኝ» አለች። ጆሴት በአገጯ የአባቷን ክፍል በር አሳየቻት።

ዊስቲን ራፓ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሰዋቸዋል፤ ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ተጣጥፈዋል። ትንሽ ሰው ሆነዋል። በስልክ ስንሰማቸው ትልቅ ሰው ይመስሉን ነበር።

«አጎቴ ዊስቲን፣ ማርቴዝ ነኝ።»

«ድምፅሽን አወቅሁት» አሉ ሳያዩአት።

ተንበረከከች። «ልክ ነበሩ። ካርታዎን የሚያይ ሰው ነበር። ወንድሜ ነው። ተፈርዶበታል። እኔ ተሳስቼ ነው፤ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ አላመመዎትም።»

ሽማግሌው መጀመሪያ በሩን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን፤ ቀጥሎ እሷን።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ሐኪሙ ነው?»

«አይደለም አጎቴ። ጋዜጣውንም ይዣለሁ፤ ይኸው…»

«አስገቢው፤ አላይም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያኔ በስልክ ምሥጢር ሊነግሯት ዝቅ እንዳደረጉት ሳይሆን፣ የፈራ ሰው እንደሚያደርገው። «ስሚኝ ልጄ። እዚህ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል። ካርታህን ያያሉ ወይ? ይሉኛል። ያያሉ ስል መድኃኒቱን ይጨምራሉ፤ በሩን ይቆልፋሉ። አያዩም ስል አትክልቱ ውስጥ እንድሄድ ይፈቅዱልኛል፤ ከአትክልቱ ባሕሩ ይታያል። እኔ ተምሬያለሁ። ማንም አያይም። ጨዋታው ንጹሕ ነበር። ሂጂ እንደዚያ በያቸው።»

«አጎቴ፣ እውነቱን ነው የምነግርዎት!»

«ያኔም እውነቱን ነበር የነገርሽኝ።»

ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው። ደክሟቸው ነው። ማርቴዝ እጃቸውን ልትይዝ ሞከረች፤ ቀስ አድርገው ሳቡት። ወጥተን እስክንሄድ «ንጹሕ ነበር፣ ንጹሕ ነበር» ሲሉ ይሰማን ነበር። ጆሴት ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅስ ነበር፤ ማንም ማንንም አላጽናናም።

መርከቡ ላይ ማርቴዝ ደረቷን ይዛ «ሚሬል፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል አይደል? ፈረሱ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። ማርቴዝ ብዙ የፖከር ቤቶችን ሥራ ጠይቃ ነበር። ሁሉም በክብር ይቀበሏታል፣ ሐቀኝነትሽን ሰምተናል ይሏታል፣ በኋላ አይደውሉም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አመስግኖ ሸኛት። እኔ ሌላ ቤት ገባሁ፤ አሁን የመሞከሪያ መስኮት ያለው ማሽን ፈቃድ አያገኝም፣ ፍተሻውም ሳይነገር ነው የሚመጣው ይላሉ። ጥሩ ነው። አዳዲሶቹ ልጆች ይህ ሕግ ከምን እንደመጣ አያውቁም።

ማርቴዝ ቺርኬዋ ወደብ፣ የጎዞ መርከብ ትኬት ቤት ውስጥ ትሠራለች። በየሳምንቱ በዕረፍቷ ቀን ተሻግራ ሽማግሌውን ትጠይቃለች። ጆሴት መጀመሪያ ከልክላት ነበር፤ በኋላ ተወቻት። ሐኪሙ አሁን መዝገባቸውን አስተካክሏል፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ቢባሉ ግን ቤት የለም፣ ጉልበትም የለም። ስለ ካርታ አይወራም፤ ይህ የእሳቸው ትእዛዝ ነው። ስለ ነፋስ፣ ስለ ገመድ፣ ስለ ድሮ ካፒቴኖች ያወራሉ። አንዳንድ ቀን ስሟን ያውቁታል፤ አንዳንድ ቀን ነርስ ናት ብለው «ደኅና ነኝ፣ ማንም አያይም» ይሏታል። ማርቴዝ መነጽራቸውን ጠርጋ፣ ጫማቸውን አስራ፣ አትክልቱ ድረስ ትደግፋቸዋለች። የቱ መርሳት ሕመም እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ፍርሃት፣ ለይታ አታውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።